በዳሞት፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ

የፍኖተ ሰላም ፀሐይ ከሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ትዘገያለች። አገሩ ሁሉ የሚጠቀምበት ሰዓት የተቃኘው በኦጋዴን፣ በዋርዴር አቅራቢያ በሚያልፈው 45ኛው የኬንትሮስ መስመር ሲሆን የጎጃሟ ፍኖተ ሰላም ከዚያ ወደ ምዕራብ ስምንት ዲግሪ ገደማ ርቃለች። ለአንድ ዲግሪ አራት ደቂቃ ብለን ብናሰላው ቀትር እዚህ የሚሆነው ስድስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ጀምበሯም በኅዳር አጋማሽ 12 ሰዓት ከ5 ገደማ፣ በሰኔ መጨረሻ ደግሞ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ትጠልቃለች። ሕንፃ በአመሻሽ ሊያነሳ የሚወጣ ሰው ይህን ቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ከዚያ በኋላ የሚተርፈው ጊዜ ለማሰቢያ አይበቃምና።

ለንደን ላይ በሰኔ ወር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ድንግዝግዙ ከ45 ደቂቃ በላይ ይቆያል። የዚያ አገር ፎቶ አንሺ ቦታ መርጦ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ሐሳቡን ቀይሮ ይደርሳል። ጎጃም ላይ ግን ፀሐይ ወደ አድማሱ የምትወርደው ቀጥ ብላ ስለሆነ ያው ድንግዝግዝ 22 ደቂቃ ቢቆይ ነው። ከዚህም ውስጥ ለፎቶ የሚሆነው የሰማዩ ብርሃንና የአምፖሉ ብርሃን የሚመጣጠኑበት አሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ቀደም ያለ ሰው መብራቱ አይታይለትም። የዘገየ ደግሞ ሰማዩ ይጠቁርበትና የጣሪያውን ጠርዝ ከጨለማው መለየት ያቅተዋል። በመካከሏ ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ ይሆናል። የቀኑ ሰማያዊነት ብርሃን በአየር ላይ ሲበተን የሚመጣ ነው፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከአናታችን በላይ የምናየው ግን በአብዛኛው የኦዞን ሥራ መሆኑን አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤድዋርድ ኸልበርት እ.ኤ.አ. በ1953 አሳይቷል። ለፎቶ አንሺ ይህ ምንም አይጨምርለትም፤ ሲጠብቅ ግን የሚያስበው ነገር ይሰጠዋል።

የሄድኩት በኅዳር 2015 ነው። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ከተፈረመ ገና ወር አልሞላውም፤ መንገደኛው ሁሉ ፊቱ ፈታ ብሏል። ከአዲስ አበባ የአባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ ደብረ ማርቆስንና ደንበጫን አልፎ፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄዱ ፍኖተ ሰላም ይደረሳል። ሕንፃ ላነሳ እንደምሄድ የሰሙ ወዳጆቼ «ታዲያ ለምን ጎንደር አትሄድም?» ብለውኝ ነበር። የፋሲል ግንብ በአመሻሽ ያምራል፤ እውነት ነው። ግን ግንቡ ውስጥ የሚያድር ሰው የለም። እኔ የፈለግሁት ሰው የሚሸጥበት፣ የሚታከምበት፣ የሚተኛበት፣ ደግሞም ተሠርቶ ያላለቀ ሕንፃ ነበር። ለዚህ በአንድ አስፋልት ግራና ቀኝ የምታድግ የዞን ከተማ የሚስተካከላት የለም።

ቀን ላይ እነዚህን ሕንፃዎች ማየት አስቸጋሪ ነው። አዳዲሶቹ ሁሉ ፊታቸውን ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ መስታወት አልብሰውታል፤ መስታወቱ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ የሚያሳየው ፊት ለፊቱ ያለውን ሕንፃ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶውንና የሚያልፈውን ባጃጅ ነው። ካሜራ ብትደቅንበት የምታገኘው ራስህን ነው። ቆርቆሮ ጣሪያው ያብለጨልጫል፣ በረንዳው ስር ያለው ጥላ ይጠቁራል፤ በሁለቱ መካከል ምንም አይገኝም።

አመሻሽ ላይ ይህ ሁሉ ይገለበጣል። አንዱን ሕንፃ ልግለጽ። ባለአራት ፎቅ እንዲሆን የታሰበ ነው። ምድሩ ላይ ፋርማሲ፣ የሞባይል ዕቃ መሸጫ፣ ካፌና የባንክ ቅርንጫፍ አሉ። አንደኛው ፎቅ ላይ የጥርስ ክሊኒክና አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት። ሁለተኛው ፎቅ አልጋ ነው፤ መጋረጃዎቹ ከአንድ ጣቃ የተቆረጡ፣ ሁሉም ቡናማ። ሦስተኛው በብሎኬት ተነሥቷል፤ መስኮት ግን አልገባለትም፤ ክፍተቶቹ ላይ የማዳበሪያ ጆንያ ተወጥሮባቸዋል። ከዚያ በላይ ኮለኖቹ በቁመተ ሰው ተጀምረው ቆመዋል፤ ከየአናታቸው ፌሮው ወደ ሰማይ ወጥቷል። ዙሪያውን የባሕር ዛፍ መወጣጫ ከቦታል።

ዕለቱ ኅዳር 12 ስለነበር ከተማው ሲታጠን ውሏል። ጠዋት በየደጁ የተቀጣጠለው ቆሻሻ ማታም ይጤሳል። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ ከፈጀው የኅዳር በሽታ የቀረ ነው ይባላል፤ ዓለም የስፔን ኢንፍሉዌንዛ የሚለው። ጭሱ ለዓይን ክፉ ነው፤ ለፎቶ ግን የመጣ በረከት ነበር፤ በአስፋልቱ ላይ ዝቅ ብሎ ተንጣልሎ የባጃጆቹን መብራት ሁሉ አለሰለሰው።

መጀመሪያ የበራው የፋርማሲው ነጭ ዘንግ አምፖል ነው። ቀጥሎ ካፌው፣ ቢጫ። 12 ሰዓት ከ20 ሲሆን መስታወቱ ማንጸባረቁን ተወና ውስጡ ወጣ። ፋርማሲስቷ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ መደርደሪያው ላይ ጎንበስ ብላ ትቆጥራለች። ክሊኒኩ ውስጥ አንድ ሰው ጉንጩን ይዞ ወረፋ ይጠብቃል። በአልጋው ፎቅ ከስድስቱ መስኮቶች ሁለቱ በሩ፤ በአንዱ በኩል ሸሚዝ የመጋረጃው ዘንግ ላይ ተሰቅሎ ይታያል፤ አጥቦት ይሆናል፤ መንገደኛ ነው። ሦስተኛው ፎቅ ጥግ ላይ የዘበኛው አንድ አምፖል። ከዚያ በላይ ምንም የለም፤ ፌሮው በሰማዩ ውስጥ ሟሟ።

ካሜራው ማድረግ ያለበት ነገር ጥቂት ነው። መቆሚያው ላይ በውሃ ልክ ይቀመጣል፤ ወደ ላይ ካዘነበለ የሕንፃው ግድግዳዎች ወደ ኋላ የሚወድቁ ይመስላሉ፤ ለዚህ መድኃኒቱ ራቅ ብሎ ወይም ከፍ ብሎ መቆም ነው። አይኤስኦ 100፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 8፣ መዝጊያው ከሁለት እስከ አሥር ሴኮንድ፤ በየሁለት ደቂቃው ጨለማው ሲጨምር ጊዜውንም ማራዘም። በአሥር ሴኮንድ ውስጥ የሚራመድ ሰው ይጠፋል፣ ባጃጅ ቀይ መስመር ይሆናል፣ የቆመ ሰው ብቻ ይቀራል። የቀለሙ ነገር ግን ቀላል አይደለም። የድሮው ክር አምፖል 2700 ኬልቪን ገደማ ነው፣ ሞቅ ያለ ቢጫ። አሁን ገበያውን የሞላው ነጭ ኤልኢዲ 6500 ነው፣ ከሰማዩ ጋር የሚቀራረብ ቀዝቃዛ ብርሃን። ሁለቱ በአንድ ሕንፃ ላይ ሲገናኙ አንዱን ካስተካከልክ ሌላው ይበላሻል። እኔ ማስተካከሉን ትቻለሁ። ባለ ካፌው ቢጫውን የመረጠው ሰው እንዲቀመጥለት ነው፣ ፋርማሲው ነጩን የመረጠው የመድኃኒቱ ስም እንዲነበብለት ነው፤ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ፎቶውም እንደዚያው ይቅር።

ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ሳለ የባንኩ ጥበቃ ካፖርቱን ደርቦ ተሻገረ።

«ወንድም፣ ምን እያነሳህ ነው?»

«ፎቁን ነው።»

«ባንክ ማንሳት ክልክል ነው።»

«ባንኩን አይደለም፣ ፎቁን በሙሉ ነው የማነሳው።»

«ባንኩ ታዲያ ፎቁ ውስጥ አይደለም?» አለና ዞር ብሎ ሕንፃውን አየው። ጥቂት አሰበ። «እንግዲያው ባንኩን ተወውና ፎቁን አንሳ።»

ከዚህ የተሻለ ትእዛዝ ከየትም ጥበቃ ሰምቼ አላውቅም። የባንኩን መዝጊያ አውርዶ እስኪቆልፍ ድረስ ጠበቅሁት፤ ያን ጊዜ የባንኩ ፊት ጨለመና ትእዛዙ ተፈጸመ።

በዚህ ሰዓት ሕንፃ ስለ ባለቤቱ ኪስ የሚናገረው ብዙ ነው። እዚህ አገር አንድ ሰው ፎቅ የሚሠራው ብር ሲያገኝ ነው፤ የበርበሬ ዓመት ሲሆን አንድ ወለል፣ በቆሎ ሲወደድ አንድ ግድግዳ፣ ውጭ ያለ ልጅ ሲልክ መስኮት። ጃቢ ጠህናን ወረዳ የበቆሎና የበርበሬ አገር ነው፤ ገንዘቡ ከገጠሩ በጆንያ ይመጣና ከተማው ላይ በሲሚንቶ ይቆማል። ብር ባንክ ውስጥ ሲተኛ ዋጋው ይቀንሳል፣ ፌሮ ግን ቢዝግም ይቆያል፤ ሕንፃው ለባለቤቱ እንደ እቁብ ነው፣ የደረሰለት ወለል ይበራል፣ ያልደረሰለት ይጠብቃል። ቀን ላይ ሁሉም ፎቅ አንድ ዓይነት ግራጫ ስለሆነ ይህ አይነበብም። ማታ ግን መስኮት በመስኮት ይቆጠራል፤ ሰው ያለበት ይህን ያህል፣ ተስፋ ብቻ ያለበት ደግሞ ይህን ያህል ተብሎ።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ንባብ እየጠፋ ነው። የሪል እስቴት ማስታወቂያ ሰሌዳዎችን ተመልከቱ፤ ሁሉም ሥዕሎች የተሠሩት በአመሻሽ ብርሃን ነው፤ ሁሉም መስኮት በርቷል፣ ገና ባልተቆፈረው መሠረት ላይ ሃያ ፎቅ ሙሉ ቤተሰብ እራት እየበላ ነው። ዘዴው የቆየ ነው። ጁልየስ ሹልማን እ.ኤ.አ. በ1960 ሎስ አንጀለስ ላይ ያነሳው፣ ሁለት ሴቶች ከከተማው መብራት በላይ በተንጠለጠለ የመስታወት ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው የሚታዩበት ዝነኛ ፎቶ፣ ለከተማው መብራት ሰባት ደቂቃ ያህል ተጋልጦ ከዚያ ሳሎኑ በብልጭታ የበራ ነው። ውብ ነው፤ ቤት ለመሸጥም ከዚያ ወዲህ እሱን የሚያህል አልተገኘም። የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሕንፃ በየካቲት 2014 ሲመረቅ 209 ሜትር ቁመቱን ማታ ማታ በቀለም መብራት ማሳየት ጀመረ። ከ2016 ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ መንገድ ዳር ያሉ ሕንፃዎች ቀለማቸው ተለውጦ ፊታቸው ላይ ከውጭ መብራት ተገጠመላቸው። ለመንሸራሸር ያምራል፤ አላማሁትም። ግን ከውጭ የበራ ሕንፃ ውስጥ ማን እንዳለ አይታወቅም፤ ባዶውም የሞላውም እኩል ያበራል። ፎቶ አንሺው ሚካኤል ፀጋዬ የአዲስ አበባን ፈራርሰው የሚለወጡ ሰፈሮች ሲያነሳ የነበረው ዓይነት ትዕግሥት፣ ግድግዳ ላይ የሰው አሻራ የሚፈልግ ዓይን፣ በዚያ ብርሃን ምን ይይዛል? ፍኖተ ሰላም ላይ ያኔ ፊቱን ከውጭ ለማብራት የተረፈው ገንዘብ ያለው አልነበረም። ብርሃኑ ሁሉ ከውስጥ ነበር፤ መብራት የሄደ ዕለት ደግሞ ከጄኔሬተርና ከስልክ።

በማግሥቱ ወደ ቡሬ። በመካከል ማንኩሳ አለች። ማንኩሳን ያላየ አንባቢም ያውቃታል፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ባሳተሙት በፍቅር እስከ መቃብር የዋናው ባለታሪክ የበዛብህ አገር ናት። መንገድ ዳር ወርጄ ቤቶቹን አየሁ፤ ቆርቆሮ፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ቢጫ ቀለም የተቀባ የላሜራ በር፣ ደጃፍ ላይ በርበሬ የተሰጣበት ሰሌን። ልብ ወለዱን የሚያስታውስ ነገር የሚፈልግ መንገደኛ ቅር ይለዋል፤ እኔ ግን ከበዛብህ ይልቅ ያሰብኩት ስለ 1933 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ ጥር 12 ቀን በሱዳን ድንበር ኡም ኢድላ ላይ ገብተው፣ በበላያ አድርገው ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያመሩ ከፊታቸው የሚሄደው የእንግሊዙ መኮንን የኦርድ ዊንጌት የጌዲዮን ጦር ከሁለት ሺህ ብዙም የማይበልጥ ሰው ነበረው። ቡሬና ማንኩሳ ላይ የመሸገው የጣልያን ጦር ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ዊንጌት ታዲያ ሥራውን ለሌሊት ሰጠው፤ በጨለማ ከየአቅጣጫው እየተኮሱ፣ በድምፅ ማጉያ እየጠሩ፣ ጥቂቶቹ ብዙ መሰሉ። የጣልያኑ ጦርም በየካቲት መጨረሻ ቡሬን ለቀቀ። ጨለማ ያነሱትን የማብዛት ችሎታ አለው፤ የሕንፃ ፎቶ አንሺም የሚኖረው በዚሁ ነው።

ያን ጊዜ ይህን በማስታወሻዬ ስጽፍ የጦርነቱን ነገር ያለፈ አድርጌ ነበር የምጽፈው። ከዘጠኝ ወር በኋላ ግን፣ ነሐሴ 7 ቀን 2015፣ የአየር ጥቃት እንደሆነ በተነገረለት ፍንዳታ ፍኖተ ሰላም ላይ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸው ተዘገበ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ጥቂት ቀደም ብሎ ወጥቶ፣ በክልሉ ከተሞች ሰዓት እላፊ መጥቶ ነበር። ጀምበር ስትጠልቅ በር የሚከፈትበት ሳይሆን የሚዘጋበት ሰዓት ሆነ። ከዚያ ወዲህ በዚያ አካባቢ በአመሻሽ መቆሚያ ተሸክሜ አልወጣሁም፤ በትከሻ ላይ ያለ ባለሦስት እግር ብረት ከሩቅ ለሚያይ ሰው ምን እንደሚመስል ማንም ያውቃል። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ስለዚያ ኅዳር ብቻ ነው።

ቡሬ የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አስፋልት ላይ ተቀምጣ በአባይ በኩል ወደ ነቀምት የሚወስደውንም መንገድ ይዛለች። ሲመሽ የጭነት መኪኖች በአስፋልቱ ዳር ይደረደራሉ፣ ረዳቶቹ ጎማ በዱላ እየመቱ ያዳምጣሉ፣ አልጋ ቤቶቹ ይሞላሉ። የደረስኩበት ማክሰኞ ኅዳር 13 ነበር። ማግሥቱ ረቡዕ፣ በነጋታው ጾመ ነቢያት ይገባል፤ ስለዚህ የቅበላ ማታ ነው። ከተማው ሁሉ ሥጋ ቤት ፊት ቆሟል።

ሥጋ ቤት በአመሻሽ ለሚያነሳ ሰው ከሁሉ የሚበልጥ ሕንፃ ነው፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው። ፊቱ ነጭና ቀይ ተቀብቷል፣ በሩ ሰፊ ነው፣ ውስጡ ደማቅ አምፖል ይንጠለጠላል፣ ብርሃኑ በነጩ ሴራሚክ ላይ ነጥሮ እስከ መንገዱ ድረስ ይፈሳል። ከላይ ሰማዩ ሰማያዊ፣ ከታች በሩ ቀይ። ሥጋ ቆራጩ ነጭ ካፖርቱን ለብሶ ከተሰቀለው ዳቢት ላይ ሲቆርጥ እጁ ይንቀሳቀሳል፣ ሰውነቱ ግን አይነቃነቅም፤ አራት ሴኮንድ ያህል ከፍቼ ሳነሳው ቢላዋው ጠፍቶ እሱ ቀረ። የመግሪብ አዛን ከወዲያ ተሰማ። የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ሥጋ ቤቶች በሩ፣ ሁለት በር ተራርቀው፤ ሰልፉ ግን የክርስቲያኑ ፊት ነው፤ ጾም የሚገባው በአንድ በኩል ብቻ ስለሆነ።

ከተማው ዳር ያለው ነገር ሌላ መልክ አለው። የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ተመርቋል። በዚያው ዓመት የተመረቀው የፊቤላ የዘይት ፋብሪካ በቀን አንድ ሚሊዮን ተኩል ሊትር እንዲያመርት የታሰበ ነው። ጀርመናውያኑ ባልና ሚስት ቤርንድና ሂላ ቤሸር ከ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምረው የውሃ ማማና የጋዝ ታንከር ሲያነሱ የሚጠብቁት ደመናማ ቀን ነበር፤ ጥላ እንዳይኖር፣ ብረቱ ብቻውን እንዲታይ። እነርሱ ቡሬ ቢመጡ በክረምት ነበር የሚመጡት። በአመሻሽ የፋብሪካ መጋዘን ምን ይላል? ግድግዳው መስኮት የለውም፤ የሚበራው የጥበቃው ጎጆና የአጥሩ መብራት ነው። ስለ ሠራተኛው የሚናገረው ተረኛው ሲወጣ በሩ ላይ የሚሰበሰቡት ባጃጆች ናቸው። ሕንፃውን ትቼ ባጃጆቹን አነሳሁ።

ገጠሩ ላይ ደግሞ መብራቱን ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም፤ ሰማዩ ራሱ ጣሪያው ላይ ይቆያል። የሣር ክዳን ከዚህ አገር እየጠፋ ነው፤ ከመንገዱ ራቅ ያሉ ጎጦች ሳይቀሩ ቆርቆሮ ለብሰዋል። ብዙ ሰው ይህን ያዝንበታል፣ ፎቶ አንሺዎች በተለይ። እኔ አላዝንም። ሣር በየጊዜው ይለወጣል፣ ያፈስሳል፣ ይቃጠላል፤ ባለቤቱ ደግሞ የሚኖረው ለእኛ ፎቶ ብሎ አይደለም። ከዚያም በላይ ሣር ብርሃን ይውጣል፣ ቆርቆሮ ግን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል የሰማዩን ቀለም ይዞ ይቆያል፤ ሸለቆው ጨልሞ ጣሪያዎቹ ብቻ ይንሳፈፋሉ። ኅዳር አጨዳ ነው፤ የጤፉ ክምር በየአውድማው ቆሟል። በዚያ ብርሃን ክምሩንና የቀረውን ጎጆ መለየት አይቻልም፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሾጣጣ ናቸው፤ ጭስ የሚወጣበት ግን ጎጆው ነው።

አንድ ደጅ ላይ ቆሜ ነበር። ግድግዳው አዲስ ተመርጓል፣ ጭዱ ገና ይታያል፣ የምርጊቱ የእጅ ጣት ፈለግ እንደ ወረደ ቀርቷል። በበሩ ውስጥ ምድጃው ቀይ፣ ከምሰሶው ላይ ትንሽ የሶላር አምፖል ነጭ። ሁለቱ ብርሃን በአንድ በር ውስጥ ተገናኝተው ግድግዳውን ከሁለት ከፍለውታል። የቤቱ እመቤት ስመለከት አይተው፣

«ምን አጥተህ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ቤቱን ላንሳ ብዬ ነው እማማ፤ ከፈቀዱ።»

«ቤቱን ነው? አንሳ። ግን ቶሎ በል፣ አምፖሏን ላጥፋት ነው። ለልጁ ጥናት ናት፤ ዛሬ ደመና ውሎ አልሞላችም።»

ከዚህ ቤት ጀርባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያሉት ተራሮች ሰከላ ናቸው፤ ግሽ ዓባይ፣ የአባይ ምንጭ፣ እዚያ ነው። ውሃው ከዚያ ወጥቶ ጣናን አቋርጦ፣ ጎጃምን በሙሉ ዞሮ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀውና 5,150 ሜጋ ዋት ያመነጫል የተባለለት ግድብ ላይ ይደርሳል። ከእኒያ እናት ደጅ እስከዚያ ግድብ ውሃው የሚሄደውን መንገድ ሽቦው ተመልሶ እስኪሄደው ድረስ ያቺ አምፖል ፀሐይ ያልጠገበች ዕለት ቶሎ ትጠፋለች። አሁን መብራት ገብቶላቸው ይሆናል፤ እንዲገባላቸው እመኛለሁ።

ስመለስ ፍኖተ ሰላም ላይ የዚያን ባለአራት ፎቅ ሕንፃ ባለቤት አገኘኋቸው። ጥበቃው ነግሯቸዋል። ካፌያቸው ውስጥ ጥግ ላይ ተቀምጠው ማኪያቶ ያዘዙልኝ ሽማግሌ ናቸው፤ ከደጋ ዳሞት ወርደው በእህል ንግድ የጀመሩ። የካሜራውን ስክሪን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ይዘው አዩት። ፋርማሲውን አዩ፣ ክሊኒኩን አዩ፣ ፈገግ አሉ። ከዚያ ጣታቸው ወደ ላይ ሄደ።

«ይኼ ምነው ጨለመ?»

«ሦስተኛው ፎቅ መብራት የለውም ጋሼ።»

«እሱስ ገና ነው። ከላዩ ያለው የታለ? ፌሮው?»

«ጨለማው ውጦታል፤ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው ያነሳሁት።»

ስክሪኑን መለሱልኝ። «ልጄ፣ ፌሮው ካልታየ እኮ እዚህ ላይ ያቆምኩ ነው የምመስለው። ሰው አይቶ 'ሦስት ፎቅ ላይ ወገቡ ተቆረጠ' ይለኛል። ነገ ረፋድ ላይ ና፤ ታፔላውም ይነበባል፣ ሠራተኞቹም ይገባሉ።»

የመስታወቱን ነጸብራቅ፣ የመስኮቱን ብርሃን፣ ያሰብኩትን ሁሉ ላስረዳቸው ጀመርኩ። በትዕግሥት ሰሙኝ። «ጥሩ ነው» አሉ፤ «ግን እኔ የበራውን ማን ይጠይቀኛል? የሚጠይቀኝ ስላልበራው ነው።»

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ስሄድ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ በባሕር ዛፉ መወጣጫ እስከ ላይ ወጥተው ከኮለኖቹ መካከል ቆመው ጠበቁኝ። ፀሐዩ ክፉ ነበር፤ መስታወቱ የሚያሳየው ማዶውን ብቻ ነው። ፌሮው ግን አንድ በአንድ ይቆጠራል። ይህኛው ፎቶ ታጥቦ ሳሎናቸው እንደሚሰቀል ነገሩኝ፤ የማታውን «ላንተ ይሁንልህ» ብለውኛል።